የቤተ ሙከራው ምስክር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ስለ እስልምናና ስለ ሳይንስ በጋዜጦቻችንና በመጽሔቶቻችን ሲጻፍ በአብዛኛው የምናነበው አንድ ዓይነት ነገር ነው። የጃቢር ኢብኑ ሐያን ኬሚስትሪ፣ የኢብኑ ሲና ሕክምና፣ የአልጀዘሪ የውሃ ማሽኖች ይዘረዘራሉ፤ ቀጥሎ አውሮፓ ከሙስሊሞች የወሰደችው ይቆጠራል፤ በመጨረሻም «ዛሬስ ምን ነካን?» ተብሎ በቁጭት ይዘጋል። ከዝርዝሩ ጋር ጠብ የለኝም፤ ቁጭቱም ይገባኛል። ይሁን እንጂ የአያትን ንብረት ሲቆጥሩ መዋል የልጅ ልጅን ራት አይሆንም። ዛሬ ልጆቻችን፣ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በየዩኒቨርሲቲው ምሕንድስና፣ ኬሚስትሪና ሕክምና እያጠኑ ነው፤ ብዙዎቹም ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ በቤተ ሙከራና በሆስፒታል ምርምር ያካሂዳሉ። እነሱ ሊጠይቁት የሚገባው፣ እኛም ልናግዛቸው የሚገባን ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ ሙስሊም ሙከራ ሠርቶ ያገኘውን ቁጥር በወረቀት ላይ ሲያሰፍር በአላህ (ሱ.ወ.) ፊት የሚፈጽመው ተግባር ምንድን ነው? ስሙስ ምን ይባላል?

እኔ ምስክርነት ነው እላለሁ። ተመራማሪው በሩን ዘግቶ ይመዝናል፣ ያሞቃል፣ ይለካል፣ በሽተኞችን ይቆጥራል፤ ከዚያ ወጥቶ «አየሁ፤ ለካሁ፤ ይህን አገኘሁ» ይለናል። እኛ አብረነው አልነበርንም። አማካሪው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት አልነበረም። ያለን የሱ ቃል ብቻ ነው። ማንም ባልነበረበት ቦታ ያየውን ለሌላው የሚናገር ሰው በሸሪዓችን ስሙ ሻሂድ ነው፤ ቃሉም ሸሃዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከባባድ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ከተደገፉበት ቀና ብለው ተቀምጠው፣ ሰሓቦቹ «ምነው ዝም ባሉ» ብለው እስኪመኙ ድረስ ደጋግመው እንዳስጠነቀቁ በሶሒሕ ሐዲስ የተዘገበውን ሁላችንም እናውቃለን። ታዲያ ይህንን ሐዲስ ስንሰማ ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፍርድ ቤት አዳራሽ ብቻ ነው። ሐሳባችን ወደ ቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ለምን አይሄድም?

አንድ የተማረ ወዳጄ በዚህ ነጥብ ላይ ሞግቶኛል፤ ክርክሩ የዋዛ ስላልሆነ በሙሉ ክብር ላቅርበው። «ሳይንስ ሰውን አያምንም» አለኝ። «በ1660 በለንደን የተቋቋመው የሮያል ሶሳይቲ መፈክር እንኳ የማንንም ቃል እንዳለ አለመቀበል ነው። አንዱ የሠራውን ሌላው ይደግመዋል፤ ከዋሸ ይጋለጣል። ስለዚህ የተመራማሪው ተቅዋ ለራሱ ይጠቅመዋል እንጂ ለሳይንሱ አይጨምርም አይቀንስም። ሃይማኖት የሪዋያ ጉዳይ ስለሆነ የአስተላላፊውን ባሕርይ ይመረምራል፤ ሳይንስ ግን ሙከራውን እንጂ ሰውየውን አይመረምርም።» (በዚህ ጽሑፍ ከሂጅራው በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የክርክሩ ግማሽ እውነት ነው፤ ለኛም እንግዳ አይደለም። የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱለጢፍ በ1200 እና በ1201 ግብፅን ረሃብ በመታት ጊዜ እዚያው ነበር። በአልመቅስ ኮረብታ ላይ የሟቾች አጽም ተከምሮ ባየ ጊዜ አንድ ነገር ለመመርመር ወሰነ። ጋሌን የተባለው ታላቁ የግሪክ ሐኪም የታችኛው የሰው መንጋጋ ከሁለት አጥንት የተገጣጠመ መሆኑን ጽፎ ነበር፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይም ሐኪሞች ይህንኑ ሲደግሙ ኖረዋል። ዐብዱለጢፍ ከሁለት ሺህ በላይ ራስ ቅል አገላብጦ አየ፤ መንጋጋው አንድ ወጥ አጥንት ነው፤ መገጣጠሚያ የለውም። ሌሎች ሰዎችም በሌሉበት እንዲያዩለት አደረገ፤ እነሱም ያንኑ አገኙ። ከዚያም የዓይን ምስክርነት ከጋሌን ቃል እንደሚበልጥ ጻፈ። ኢብኑ አንነፊስም (በ1288 ሞቱ) የልብን ግድግዳ በተመለከተ የጋሌንን አባባል ውድቅ አድርገው ደም በሳምባ በኩል እንደሚዞር አስረድተዋል። ስለዚህ የትልቅ ሰው ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ማለትን ከለንደን አልተማርንም።

ነገር ግን የወዳጄ ክርክር አንድ ነገር ረስቷል፤ ጊዜን። ሐሰቱ እስኪጋለጥ ድረስ ማን ምን ሆነ? መድገምስ ለማን ይቻላል? መድገም ገንዘብ ይፈልጋል፣ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈልጋል። የአዲስ አበባው ወይም የጅማው ሐኪም በአውሮፓ የተሠራን የመድኃኒት ጥናት ሊደግም አይችልም፤ አንብቦ ያምንና በሽተኛው ላይ ይሠራበታል። ነገሩን በቅርብ ዘመን በተከሰቱ ሦስት ጉዳዮች ልግለጽ።

የመጀመሪያው በምሕንድስናና በፊዚክስ ድንበር ላይ ያለ ነው። ያን ሄንድሪክ ሾን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። በ2001 በአማካይ በየስምንት ቀኑ አንድ የምርምር ጽሑፍ ላይ ስሙ ይሰፍር ነበር፤ ከሞለኪውል ትራንዚስተር ሠርቻለሁ አለ፤ ሽልማት በሽልማት ሆነ። በየአገሩ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ውጤቱን ለመድገም ዓመታትና ገንዘብ አፈሰሱ፤ አልሆነላቸውም። ሰዎቹ የጠረጠሩት ግን የራሳቸውን ችሎታ ነበር። በመጨረሻ የያዘው መድገም ሳይሆን ማስተያየት ነው። ማንኛውም መሣሪያ ሲለካ ጥቃቅን መንቀጥቀጥ በመስመሩ ላይ ይታያል፤ ይህም እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ሁለት ሙከራ ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። በ2002 ተመራማሪዎች የሾንን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ በተለያዩ ሙከራዎች ላይ ያው መንቀጥቀጥ ተገኘ። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከቀረቡት 24 ክሶች 16ቱ ላይ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። የሙከራ ማስታወሻ ደብተሩን ሲጠየቅ አልያዝኩም አለ፤ ጥሬ መረጃውን ሲጠየቅ ኮምፒውተሬ ቦታ ስለጠበበው ደመሰስኩት አለ። የኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዶክትሬቱን ነጠቀው።

ሙሐዲሶች ዒለል የሚሉት ዕውቀት ከዚህ ጋር ምንኛ እንደሚመሳሰል አስተውሉ። ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ሐዲስ ሌሎች መንገዶቹ ሁሉ ተሰብስበው ጎን ለጎን ሲመረመሩ የተደበቀ ሕመሙ ይወጣል። እዚያም የሚይዘው ማስተያየት ነው።

ሁለተኛው ከሕክምና ነው፤ ለኔ ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። ዮአኺም ቦልት የተባለ ሐኪም በጀርመን ሉድቪግስሃፈን ከተማ የአንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ሕክምና ኃላፊ ነበር። በቀዶ ጥገና ጊዜ ደም ለፈሰሰውና ግፊቱ ለወረደ በሽተኛ በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ ብዙ ጽፏል። ሕዝባችን በጥቅሉ ጉሉኮስ ብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው፤ ይኸኛው ግን ከስታርች የተሠራ ነው። የሱ ጥናቶች ፈሳሹ ደህና ነው አሉ። በ2009 ያሳተመው አንድ ጽሑፍ ቁጥሮቹ ከልክ በላይ የተስተካከሉ በመሆናቸው አንባቢዎች ጠረጠሩ፤ ሲጣራ ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ። በ2011 የመጽሔቶች አዘጋጆች ተሰብስበው ወደ ዘጠና የሚጠጉ ጽሑፎቹ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይኖራቸው የወጡ መሆናቸውን አስታወቁ።

እዚህ ድረስ የአንድ ሰው ቅሌት ነው። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ ያለው ነው። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያ ፈሳሽ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሁሉ ሰብስበው አንድ ላይ መዘኑ። የቦልትን ጥናቶች ሲጨምሩ በፈሳሹና በሞት መካከል ግልጽ ግንኙነት አልታየም። የሱን ሲያወጡ ግን በጽኑ በታመሙ ሰዎች ላይ ሞትንና የኩላሊት ጉዳትን እንደሚጨምር ታየ። የአንድ ሰው ምስክርነት ከሚዛኑ ሲወርድ ፍርዱ ተገለበጠ! ሐኪሞቹ በቅን ልቦና አንብበው ሠርተውበታል፤ በሽተኛው ራሱን ስቶ ስለነበር የሚያውቀው ነገር የለም። በ2022 የአውሮፓ ኅብረት የእነዚህ ፈሳሾች የሽያጭ ፈቃድ እንዲታገድ ወሰነ። ወዳጄ «ከዋሸ ይጋለጣል» ይላል። ተጋልጧል፤ አልክድም። በመካከል ስላለፉት ሰዎች ግን የቂያማ ዕለት ማን ይጠየቃል?

ሦስተኛውን አብዛኛው አንባቢ በስም ያውቀዋል። በየካቲት 1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ሕፃናት ጽፎ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያዝ ጥርጣሬ ዘራ። አሥራ ሁለት ሕፃን ብቻ! በኋላ ብራያን ዲር የተባለ ጋዜጠኛ ባደረገው ክትትል ዌክፊልድ የክትባት አምራቾችን ለመክሰስ ከሚዘጋጅ ጠበቃ ጋር ተዋውሎ ገንዘብ ይቀበል እንደነበር ወጣ፤ የሕፃናቱ የሕክምና መዝገብና የታተመው ጽሑፍም አልተጣጣሙም። ላንሴት ጽሑፉን በ2010 ሰረዘ፤ በዚያው ዓመት ሰውየው ከብሪታንያ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በሌሎች አገሮች በብዙ መቶ ሺህ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ግንኙነቱን አላገኙም። መጋለጡ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ።

የኛንም ወገኖች ነክቷል። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖሩ የሶማሌ ሙስሊሞች ልጆቻቸው ላይ ኦቲዝም በዝቶ ስለታያቸው ተጨንቀው ነበር፤ ጭንቀታቸው የወላጅ ጭንቀት ነው፤ ማንም ሊያፌዝበት አይገባም። ዌክፊልድም ጽሑፉ ከተሰረዘ በኋላ ጭምር፣ በ2010 እና በ2011 እየሄደ አነጋገራቸው። በ2004 ከዚያ ማኅበረሰብ ሕፃናት መካከል 92 ከመቶው በሁለት ዓመታቸው ተከትበው ነበር፤ በ2014 ወደ 42 ከመቶ ወረደ። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰው ታመመ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ኩፍኝ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያ እናቶች ማስረዳት አያሻኝም። የተሰረዘ ምስክርነት ባሕር ተሻግሮ፣ ሰነዱን መመርመር የአባቶቻቸው ሙያ በነበረ ሕዝብ ቤት ገባ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ፈረንጅን ለማሳጣት አይደለም። ከነዚህ ሦስቱ አንዳቸውም በሙስሊም እጅ አልተጋለጡም፤ ያጋለጧቸው የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው። እኔ የምለው፣ የተመራማሪው አማና የሳይንሱ ጌጥ ሳይሆን የሳይንሱ አካል ነው። እኛ ደግሞ ይህን ለማወቅ ከማንም ቀድመን ዕድል ነበረን።

ኢብኑ ሲሪን (በ110 ሂጅራ ሞቱ) እንደነገሩን፣ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ስለ ኢስናድ አይጠይቁም ነበር፤ ፊትና ከመጣ በኋላ ግን ከማን እንደሰማህ ንገረን ይሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሐዲስ ሊቃውንት ከአንድ ዘጋቢ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር። አንደኛው ዐዳላ ነው፤ ማለትም ሰውየው በዲኑና በባሕርዩ የታመነ መሆኑ። ሁለተኛው ዶብጥ ነው፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አጥብቆ መያዙ፣ በቃሉም ይሁን በደብተሩ። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። አቡ ዚናድ በመዲና መቶ ያህል የታመኑ ሰዎችን እንዳገኙ፣ ነገር ግን የዚህ ዕውቀት ባለቤቶች ስላልሆኑ ሐዲስ እንዳልተወሰደላቸው ተናግረዋል። ዱዓው ተቀባይ ሊሆን ይችላል፤ ሪዋያው ግን አይወሰድም። የዛሬው የምርምር ዓለም ዶብጥን ወስዶ እጅግ አራቅቆታል፦ የደብተር አያያዝ፣ የመሣሪያ ማስተካከያ፣ የናሙና ብዛት፣ ስታቲስቲክስ። ዐዳላን ግን የግል ጉዳይ ብሎ ወደ ጎን አደረገ። የኛ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያጠፋል። ጥሩ ሰጋጅ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ተመራማሪ ይመስለናል።

ሌላም ትምህርት አለ። ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም የተባለ የመርው ቃዲ በየቁርኣን ምዕራፉ ትሩፋት ላይ ሐዲስ ፈጥሯል ተብሎ በሊቃውንት ተመዝግቧል። ለምን ሲባል፣ ሰዎች ቁርኣንን ትተው በፊቅህና በዘመቻ ታሪኮች ሲጠመዱ አይቶ እነሱን ለመመለስ ብሎ ነው። ኒያው ያማረ ይመስላል። ሊቃውንት ግን ኒያውን አይተው አላለፉትም፤ ከውሸታሞች መዝገብ ጻፉት። ሾንም ጥፋተኝነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሰጠው መልስ ስሕተት መሥራቱን አምኖ፣ የዘገባቸው ክስተቶች ግን እውነት መሆናቸውን እንደሚያምን ገልጿል። በሁለቱ መካከል ወደ አሥራ ሁለት መቶ ዓመት አለ፤ በሽታው አንድ ነው። «እውነቱን አውቀዋለሁ፤ የጎደለው ማስረጃው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ እሞላዋለሁ» የሚል በሽታ ነው። ገንዘብ ፈላጊውን ውሸታም መለየት ቀላል ነው። ይህኛው ግን ራሱንም ያታልላል።

ወጣቶቻችን እንዳይደነግጡ ስሕተትን ከውሸት መለየት ያሻል። አቡ በክር አርራዚ (በ925 ገደማ ሞቱ) የአንጎል ብግነት ምልክት የታየባቸውን በሽተኞች ለሁለት ከፍለው አንዱን ወገን ደም በማውጣት አከሙ፤ ሌላውን ሆን ብለው ተዉት፤ ውጤቱን ለማነጻጸር ነበር። ደም ማውጣቱ ጠቃሚ ነው ወደሚል ድምዳሜም ደረሱ። ዛሬ ያ ድምዳሜ ትክክል አለመሆኑን ሐኪሞች ያውቃሉ። አርራዚ ግን ያደረጉትን እንዳደረጉት ጽፈዋል፤ ከርሳቸው በኋላ የመጣ ሰው መንገዳቸውን አይቶ ሊያርማቸው ይችላል። ዳኛ ጥሮ ቢሳሳት አንድ አጅር እንዳለው የሚታወቀው ሕግ ለዚህም የሚስማማ ይመስለኛል። የፈጠራ ቁጥር የጻፈ ግን አልጣረም፤ ስለዚህ ሊሳሳትም አልቻለም። ሰማዩ የሚያውቀው ውሸት ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። አንድ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ወንድም ከተራዊሕ በኋላ ይህን ጠየቀኝ። ከቡና ገለባ ከሰል ሠርቶ ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ ክሮሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት ለማጣራት እየሞከረ ነው። ሙከራውን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ ሁለቱ ተቀራረቡ፤ ሦስተኛው በጣም ዝቅ አለ። ባልደረቦቹ «ሦስተኛውን ጣለውና በሁለቱ ጻፍ፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉት። «ጋሼ፣ ይህ ውሸት ይባላል? አልፈጠርኩም እኮ፤ ዝም አልኩ እንጂ» አለኝ።

ጥያቄው ከብዙ ፈትዋ ጥያቄዎች ይልቅ ጠልቆ የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። የመለስኩለት እንዲህ ነው። ሦስተኛው የወደቀበትን ምክንያት በዚያው ቀን በደብተርህ ጽፈኸው ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈሳሹ ፈስሶብህ ወይም መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ ከሆነ፣ ጣለውና መጣልህንና ምክንያቱን ጻፍ። ምክንያቱን ካላወቅክ ግን ሦስተኛው ቁጥር እንደ ሁለቱ ምስክር ነው። ቁርኣን ምስክርነትን መደበቅን የልብ ወንጀል አድርጎ ያስቀመጠው ለዚህ ዓይነቱ ዝምታ ጭምር ይመስለኛል። ደግሞም አስብ፤ ምናልባት ሦስተኛው የተሠራው ከሌላ ጆንያ በወጣ ገለባ ይሆናል፤ ምናልባትም የዚህ ሥራ ትልቁ ዜና ያ ሊሆን ይችላል፤ ገለባው ሲለያይ ከሰሉም እንደሚለያይ። አንተ በሁለቱ ቁጥር ብትጽፍና አንድ ቀን ፋብሪካ ባንተ ቁጥር ተማምኖ ማጣሪያ ቢሠራ፣ ከታች ባለው ወንዝ ከብት ይጠጣል፤ ጎመን ይጠጣል፤ ሰው ይጠጣል።

ልጁ «ጽሑፌ ግን ደካማ ይመስላል» አለኝ። እውነቱን ነው። ደካማ የሚመስል እውነተኛ ጽሑፍ መቀበልን ያልተማረ መምህርም የወንጀሉ ተካፋይ ነው እላለሁ። ዕድገትና ደመወዝ በታተመ ጽሑፍ ብዛት በሚለካበት ቦታ ሁሉ ይህ ፈተና አለ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ በአደባባይ ተለጥፎ የምናየው ነው። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ግድግዳ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» የሚል ወረቀት ያላየ የለም። ማማከር የሚለው ቃል ብዙ ተሸክሟል። ገንዘብ ይከፈላል፤ መጠይቁ ሳይበተን ይሞላል፤ ሠንጠረዡ ይወጣል፤ ልጁ ወላጆቹን ይዞ ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሣል። እናቱ የሰደቀችው ዳቦ ሐላል ነው፤ ልጇ የቆመበት ወረቀት ግን የሐሰት ምስክርነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «በዚህ ዲግሪ የማገኘው ደመወዝ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ከአንዳንድ ዑለማእ የሰማሁት፣ ሰውየው ሥራውን በሚገባ ችሎ ከሠራ ደመወዙ የሥራው ዋጋ ነው፣ ባጭበረበረው ግን ተውበት አለበት የሚል ነው። ብይኑን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሒሳብ ሠራተኛና የአጥንት ሐኪም በዚህ ረገድ አንድ አይመስሉኝም። ሥራውን መቻሉን የሚያውቀው ራሱ ዲግሪው ሊመሰክርለት ሲገባ፣ ዲግሪው ከዋሸ ማን ሊነግረን ነው? በሽተኛው በሬሳ ሳጥን?

የቀረኝ ከሁሉ የሚያስቸግረው ነጥብ ነው። ባልደረባው ቁጥር ሲፈጥር ያየ ሙስሊም ተመራማሪ ምን ያድርግ? «የሙስሊም ወንድምህን ነውር ሸፍን» የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ተምረናል፤ ሐሜትም ሐራም ነው። ብዙ ደጋግ ልጆች ዝም የሚሉት ከፍርሃት ብቻ ሳይሆን ከዚህ የተነሣም ነው፤ ዝምታቸውን ተቅዋ አድርገው ያዩታል። ሙሐዲሶች ይህን ጥያቄ ከነሱ በፊት ተጠይቀዋል። «እገሌ ይዋሻል፣ እገሌ ይረሳል» ብለው መጻሕፍት ሲሞሉ ይህ ሐሜት አይደለም ወይ ተብለዋል። ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ የዘጋቢዎችንና የምስክሮችን ጉድለት መናገርን ሙስሊሞችን ከማስጠንቀቅ ክፍል አግብተውታል፤ የሚያስፈልግ ሲሆን ግዴታ እንደሚሆንም አስረድተዋል። ኢማም ዘሀቢም በዘጋቢዎች ሚዛን ላይ ትልቅ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የሰዎችን ክብር አቅልለው ስላዩ አልነበረም። የሚሸፈነው ነውር ሰውየው ከጌታው ጋር ያለበት ነው። የሌላውን ሰው ደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ላይ የተዋሸ ውሸት የሱ ብቻ ነውር አይደለም፤ ስለዚህ የሱ ብቻ ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ይህ ማለት ግን ነገር ይዞ በየካፌው መዞር አይደለም። ሙሐዲሶቹ ሲናገሩ በማስረጃ፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ ለሚመለከተው ነበር። ያየ ሰው መጀመሪያ ለራሱ ለባልደረባው ይንገረው፤ ምናልባት ያላየው ነገር ይኖራል፤ ምናልባትም ያ ሰው ከመታተሙ በፊት ይመለሳል። አልሰማ ካለ ያየውን ቀንና ገጽ ጽፎ ለአማካሪው፣ ከዚያም ለትምህርት ክፍሉ ያቅርብ። ጽሑፉ ታትሞ ከሆነ ለመጽሔቱ አዘጋጅ ይጻፍ። ይህን ያደረገ ሰው ጓደኛ ሊያጣ፣ ምረቃውም ሊዘገይበት ይችላል። ያን ጊዜ ከመስጊዱ ጀማዓ፣ ከተማሪዎች ማኅበርና ከቤተሰቡ የሚያገኘው ቃል «ምን አስጨነቀህ?» የሚል ከሆነ እኛም በምስክርነቱ ላይ መስክረንበታል።

ወላሁ አዕለም።